ዝናብ የማትጠብቀው ትንኝ

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ ድሬዳዋ ላይ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ብቻ ቁጥሩ ከ2,400 አለፈ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ባለሙያዎቹን ይበልጥ ግራ ያጋባቸው ግን ወቅቱ ነው። ወባ በሀገራችን የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። ይሄኛው መጨመር የጀመረው የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚቀርበት በደረቁ ወቅት ነው። የታመሙትም ረግረግ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ሳይሆኑ የከተማ ሰዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ጥናት በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሕክምና ሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። በእኔ ግምት በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ሳይንሳዊ ሥራዎች ውስጥ የድሬን ሰው ኑሮ እንደዚህ በቀጥታ የሚነካ ሌላ የለም። እኛ ግን ከጥናቱ የሰማነው ቢበዛ «አዲስ ትንኝ ገብታለች» የምትለዋን ነው። ትንኟ ምን አዲስ ነገር አላት? ጥፋቱስ የእሷ መሆኑ እንዴት ታወቀ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ነባሯና አዲሷ

ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ አንዲት ዓይነት አይደለችም። አኖፌለስ የሚባለው ወገን ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰውን በወባ በማጥቃት የታወቁት ጥቂቶቹ ናቸው። የኢትዮጵያ ዋነኛዋ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት። እሷ እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ባቆረው፣ ፀሐይ በሚያገኘው፣ ዛሬ ኖሮ ነገ በሚጠፋ ውሃ ላይ ነው፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ፣ የመንገድ ዳር ኩሬ፣ ወንዝ ሲጎድል ጥሎት የሚሄደው ውሃ ይበቃታል። ዝናቡ ሲያበቃ ውሃው ይደርቃል፣ ትንኟም ትመናመናለች። የወባ መከላከል ሥራችን ከሞላ ጎደል የተቃኘው በዚህች ትንኝ ጠባይ ነው። ኩሬ የሚዳፈነው፣ ግድግዳ የሚረጨው፣ አጎበር የሚታደለው የእሷን ወቅት ታሳቢ አድርጎ ነው።

አዲሷ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። የህንድ ከተሞች ሐኪሞች ድሮ ጀምሮ ያውቋታል፤ እነሱ ዘንድ የገጠር ሳይሆን የከተማ ወባ አስተላላፊ ናት። ኩሬና ረግረግ ፍለጋ አትሄድም፣ ሰው ያጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ክፍት የጉድጓድ ውሃ፣ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ላይ ለሲሚንቶ ቡኬት የሚጠራቀም ውሃ፣ ሁሉም ይሆናታል። ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ ቤት ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ትራባለች።

አሁን ድሬን በእሷ ዓይን እንያት። ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ግቢው ሁሉ ውሃ ያጠራቅማል። በየሰፈሩ ግንባታ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀት አይጎድላትም፤ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ሰው ፍራሹን ይዞ ግቢ ይወጣል። ማለትም መራቢያውም፣ ሙቀቱም፣ የምትነክሰው ሰውም አንድ አጥር ውስጥ ተሰብስቦላታል።

ሙቀቱን እንዲሁ አልፌ አልሄድም፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ትንኝ ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ ወባን ወዲያው አታስተላልፍም። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሆዷ ውስጥ ተራብቶ፣ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት አየሩ 20 ዲግሪ በሚሆንበት ቦታ ይህን ለመጨረስ 4 ሳምንት ገደማ ይወስድበታል፤ 28 ዲግሪ ላይ ከ9 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ትንኝ ራሷ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ቦታ አብዛኞቹ ትንኞች ጥገኛው ሳይበስል ይሞታሉ፣ በሙቅ ቦታ ግን በሽታውን ለማድረስ ጊዜ ይተርፋቸዋል። ወባ ደጋውን የሚፈራው በዚህ ምክንያት ነው፤ የትንኝ አለመኖር ብቻ አይደለም።

በየት መጣች?

በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ አገሪቱ ወባን ጨርሳ ለማጥፋት ከጫፍ ደርሳ ነበር ማለት ይቻላል። በ2020 ግን 73,535 ሆነ። በ2016 ትንኟ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2018 ተመራማሪዎች በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ 10 ከተሞችን መርጠው ፈለጓት። ከነዚህ መካከል ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ኤረር ጎታና ጎዴ ይገኙበታል። በአሥሩም ተገኘች።

አሥሩም ላይ መገኘቷ የሚናገረው ነገር አለ፤ ያኔ እየገባች አልነበረም፣ ገብታ ቤቷን ሠርታ ነበር። ሳትታወቅ የቆየችበት ምክንያት ቀላል ነው። በዓይንም በማጉያ መነጽርም ስትታይ ነባሮቹን ትመስላለች፤ የአፍሪካ ባለሙያዎች ትንኝ የሚለዩበት መመሪያ ላይ ደግሞ ስሟ አልነበረም። መመሪያው ላይ የሌለን ነገር ማን ይፈልጋል? ቀብሪ ደሃር ላይ ማንነቷ የተረጋገጠው የዘር ቅንጣቷ፣ ማለትም ዲ.ኤን.ኤዋ ተነብቦ ነው።

ተመራማሪዎች ዋና የመጓጓዣ መንገዷ ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩት የንግድ መስመርን ነው፤ መርከብ፣ ከዚያ የጭነት መኪናና ባቡር። ድሬዳዋ ራሷ በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከወደቡ ስንት ነገር በዚሁ መስመር ገብቷል። ዛሬ ትንኟ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ኤርትራና ጋና ውስጥም ታይታለች። በ2020 የወጣ አንድ ስሌት፣ በአፍሪካ አህጉር ሁሉ ከተስፋፋች 126 ሚሊዮን የከተማ ነዋሪዎች ለአደጋ ይጋለጣሉ ብሏል።

ጥፋተኛዋን መለየት

ትንኟ ድሬ ውስጥ መኖሯ በ2018 ታወቀ እንበል። ወረርሽኙ በ2022 ተነሳ። ሁለቱን አገናኝቶ «እሷ ናት» ማለት ቀላል ነው፤ ሳይንስ ግን ይህን አይቀበልም። ኩሌክስ የምትባለው ተራ ቢንቢም ዝንብም ድሬ ውስጥ አሉ፤ መኖራቸው ወባ አስተላላፊ አያደርጋቸውም። ሌሎች ማብራሪያዎችም ነበሩ። ተማሪዎቹ ወባ ካለበት ከሌላ አካባቢ ይዘውት መጥተው ቢሆንስ? ነባሯ አረቢየንሲስ የሆነ ቦታ ምቹ ውሃ አግኝታ ቢሆንስ?

በአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ፍጹም ግርማ ታደሰ የመሩት ቡድን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2022 ድሬዳዋ ላይ ያደረገው እነዚህን ጥርጣሬዎች አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። በከተማውና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወደ ጤና ተቋም ከመጡ ሰዎች ሁለት ወገን ለዩ። አንደኛው ወገን ደሙ ተመርምሮ ወባ የተገኘበት ነው። ሁለተኛው ወገን እሱም ትኩሳት ይዞት የመጣ፣ ነገር ግን ወባ ያልተገኘበት ነው። ሁለተኛው ወገን ለምን አስፈለገ? የታመሙትን ሰዎች ቤት ብቻ ብታዩ ሁሉም ጋ በርሜል ታገኛላችሁ፤ በርሜል ግን ያልታመመውም ጋ አለ። ልዩነት የሚታየው ማወዳደሪያ ሲኖር ነው።

ከዚያ ወደ ሁለቱም ወገኖች መኖሪያ ሄዱ። አብሯቸው የሚኖረውንና በቅርብ ያለውን ሰው ደም መረመሩ፤ ምንም ሕመም የማይሰማውን ጭምር። ትንኝና እጭም ፈለጉ። የተገኘው ውጤት ይህ ነው፤ ወባ ያለባቸው ሰዎች ተበታትነው ሳይሆን በታማሚዎቹ ዙሪያ ተሰባስበው ተገኙ፣ ይህም መሰባሰብ በአካባቢው ስቴፈንሲ ከመኖሯ ጋር በጥብቅ ተያይዞ ታየ። ከተያዙት የአኖፌለስ ትንኞችም እጅግ የሚበዙት እሷ ነበረች። ነባሯ ላይ የነበረው ጥርጣሬ በዚህ ተዳከመ።

ቀጥሎ ትንኞቹን ራሳቸውን መረመሩ። ስፖሮዞይት የሚባለው የጥገኛው ዓይነት፣ ማለትም በስሎ ሰውን ለመያዝ የተዘጋጀው፣ በእነዚህ ትንኞች ውስጥ ተገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንኝ የታመመ ሰው ደም መጥጣ ጥገኛውን ሆዷ ውስጥ ልትይዝ ትችላለች፤ ስፖሮዞይት ተገኘ ማለት ግን ጥገኛው በእሷ ውስጥ ዕድገቱን ጨርሷል ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የመጨረሻው ማስረጃ ነው። ከታማሚዎች የተወሰደው የወባ ጥገኛ ዘር ተነበበ። ተማሪዎቹ ከየአገራቸው፣ ተጓዡም ከየሄደበት ይዞት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጥገኛው ዘሩ የተለያየ ይሆን ነበር፤ ከጋምቤላ የመጣው ሌላ፣ ከመተከል የመጣው ሌላ። የተገኘው ግን በጣም የሚመሳሰሉ፣ ከአንድ ምንጭ የተባዙ ጥገኞች ናቸው። ይህ የሚሆነው በሽታው እዚያው ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሰው እየተመላለሰ ሲራባ ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢቆሙ ጠበቃ ይከራከርባቸዋል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማምለጫው ጠበበ። አጥኚዎቹ ራሳቸው በጥንቃቄ ያሉት፣ ስቴፈንሲ በአፍሪካ ከተማ ወረርሽኝ እንደምትነዳ እስካሁን ከታዩት ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ነው የሚል ነው። ከዚህ አልፈው አልተናገሩም፤ እኔም አላልፍም። በተለይ በ2024 በኢትዮጵያ ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስታውቅ፣ ሁሉንም በዚህች ትንኝ ላይ የሚያላክክ ወሬ ሰምቻለሁ። ስህተት ነው። ያ መከራ በአብዛኛው የወደቀው በምዕራቡ ክፍል፣ በነባሯ ትንኝ አገር ላይ ነው፤ ጦርነት፣ መፈናቀልና የጤና አገልግሎት መቋረጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ምርመራውን የሚያመልጥ፣ መድኃኒቱን የሚፈታተን

ጥናቱ ሁለት ተጨማሪ መጥፎ ዜና ይዟል፤ ሁለቱም ስለ ጥገኛው እንጂ ስለ ትንኟ አይደሉም።

ጤና ጣቢያ ጣታችንን ወግተው በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤት የሚነግሩን ፈጣን መመርመሪያ ጥገኛውን ራሱን አያይም። ብዙዎቹ ዓይነቶች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም ደም ውስጥ የሚለቀውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው የዘር ክፍል የጠፋባቸው ጥገኞች አሉ፤ ድሬ ላይም እንዲህ ምርመራን የማምለጥ ምልክት ታየ። ትራፊክ ፖሊስ አንድን መኪና በታርጋ ቁጥሩ ብቻ እየፈለገ፣ መኪናው ታርጋውን ፈትቶ ቢያልፍ እንደማለት ነው። ስለዚህ ትኩሳቱና ብርድ ብርዱ እያለ ፈጣን ምርመራው «የለም» ካለ፣ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በአንድ አካባቢ በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል።

ሁለተኛው መድኃኒቱን ይመለከታል። ኮአርተም የምንለው ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን ነው፤ አንዱ አርቴሚሲኒን ከሚባለው ወገን ሲሆን ጥገኛውን በፍጥነት ይመታል፣ ሁለተኛው የቀረውን ቀስ ብሎ ይለቅማል። በኢትዮጵያ በተገኙ አንዳንድ ጥገኞች ላይ ከፈጣኑ መድኃኒት ጋር የሚታገል የዘር ለውጥ ታይቷል፤ የድሬዎቹም ላይ የመድኃኒት መላመድ ምልክት ነበር። ይህ ማለት መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ጥገኛው ከደም የሚጠፋው ቀስ ብሎ ይሆናል፣ ሥራውም በሁለተኛው መድኃኒት ላይ ይበዛል ማለት ነው። በ2ኛው ቀን ሲሻለው ክኒኑን ትቶ የሚነሳ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ የ3 ቀኑ መጠን እስከ መጨረሻው መዋጥ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

የለመድናቸው መሣሪያዎች ከጥቅም ውጭ አልሆኑም፣ ግን ጎደሎ ናቸው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ስቴፈንሲ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች በተለምዶ ለአጎበርና ለግድግዳ የሚውሉ የተለያዩ ፀረ ትንኝ መድኃኒቶችን እንደምትቋቋም አሳይተዋል። በዚያ ላይ ከቤት ውጭም ትነክሳለች፣ በከብትና በፍየል በረት ውስጥም ታርፋለች፤ የተረጨ ግድግዳ ላይ ካላረፈች ርጭቱ አያገኛትም። አጎበር ቢያንስ ለተኛ ሰው መጋረጃ ነው፤ ግቢ ፍራሽ ለሚያወጣም ሰው አጎበሩን አብሮ ማውጣት ይጠቅመዋል።

ትንኟ በጣም የምትደክመው እጭ ሳለች ነው፤ መብረር አትችልም፣ ያለችበትም ቦታ ይታወቃል። ቴሜፎስ የሚባለው የእጭ መድኃኒት ኢትዮጵያ ውስጥ በስቴፈንሲ እጮች ላይ ተሞክሮ ገድሏቸዋል። እጭን ብቻ የሚያጠቃ ባክቴሪያም አለ። እነዚህን ግን መጠናቸውን የሚያውቅ የሠለጠነ ሰው ነው መጨመር ያለበት፣ ከገበያ ገዝቶ በመጠጥ ውሃ ላይ መበጥበጥ አይሆንም።

«አቦ! በርሜል መክደን ደግሞ ሳይንስ ሆነ?» የሚል አይጠፋም። ሆኗል። ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ በሞቃት ውሃ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ገደማ ነው የሚወስድባት። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚለቀለቅ ዕቃ ትንኝ አያሳድግም። ክዳን ሲባል ግን ላዩ ላይ የተጣለ ጣውላ ወይም የተቀደደ ማዳበሪያ አይደለም፤ ትንኝ በጣት ስፋት ክፍተት በደንብ ትገባለች። የሮቶው መተንፈሻና ውሃ ሲሞላ የሚፈስበት ቱቦ ደቂቅ ወንፊት ያስፈልጋቸዋል። ሙምባይ ይህን ጥንት ተረድታ፣ የውሃ ታንከር ለትንኝ እንዳይከፈት በሕግ ደንግጋለች፤ ጣሪያ እየወጡ የሚቆጣጠሩ ሠራተኞችም አሏት። ለግንባታ ቦታዎቻችን እንዲህ ያለ ደንብ ቢወጣ እኔ እደግፋለሁ፤ ቤት ለቤት ሴቶችን «በርሜላችሁን ክደኑ» እያሉ ትልቁን የሲሚንቶ ገንዳ ማለፍ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ክዳኑ ሌላም ጥቅም አለው። በ2013 ድሬን የመታው ዴንጊ፣ በ2019 ሰዉን መገጣጠሚያው ላይ የያዘው ቺኩንጉንያ፣ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት፤ እሷም የምትራባው በዚሁ በርሜል ነው። የእሷ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ደረቅ ሆኖ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፣ ጎኑ በብሩሽ መታሸት አለበት።

ጎረቤታችን ጅቡቲ ደግሞ ወደ ምሕንድስና ሄዳለች፤ የዘር ምሕንድስና። በግንቦት 2024 ኦክሲቴክ ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ሆና በላቦራቶሪ የተቀየሩ ወንድ ስቴፈንሲዎችን መልቀቅ ጀመረች። ወንድ ትንኝ ሰው አይነክስም። የተቀየረው ወንድ ከዱሯ ሴት ጋር ሲገናኝ የሚወለዱት ሴቶች ሳያድጉ ይሞታሉ፤ ወንዶቹ ልጆች ይተርፉና ያንኑ የዘር ለውጥ ያስተላልፋሉ። ለውጡ በየትውልዱ እየሳሳ ስለሚሄድ በየጊዜው እየጨመሩ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ የሚፈሩት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ፍርሃታቸው ይቀንስ ይሆናል፣ ወጪውን የሚከፍለው አካል ግን ይበልጥ ያስባል። ለእኛ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ጅቡቲ ላይ የምትቀንስ ትንኝ በዚያው ባቡር መስመር ወደኛ የምትመጣውንም ትቀንሳለች።

እኔ ግን ከዘር ምሕንድስናው በፊት የቧንቧው ምሕንድስና ይቀድማል ባይ ነኝ። ሰው በርሜል የሚያቆመው ወዶ አይደለም። የወባ ዕቅድ ሲወጣ የጤና ባለሙያው ብቻ ተቀምጦ የውሃው መሐንዲስ ካልተጠራ ግማሹ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ የለም ማለት ነው። የሐረርም ሰው «ይሄ የድሬ ጣጣ ነው» እንዳይል፤ የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረርም የምትጠጣው ከድሬ በኩል ተገፍቶ ሽቅብ የሚወጣ ውሃ ነው፣ እዚያም ጀሪካኑና በርሜሉ ሞልቷል።

እስከዚያው በየቤቱ የሚታይ አንድ ምልክት አለ። በርሜሉን ቀን በደንብ በሚታይ ብርሃን ክፈቱና ውሃውን ሳትነቀንቁ ጥቂት ጠብቁ። ጭራቸውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ከውሃው ገጽ የሚንጠለጠሉት የተራዋ ቢንቢ ወይም የኤደስ እጮች ናቸው። ገላቸውን አጋድመው፣ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው የሚተኙት ግን አኖፌለስ ናቸው። ስቴፈንሲ ትሁን አትሁን በዓይን አይለይም። እንዲህ ያለ እጭ ካያችሁ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት፣ ዕቃውን እሹት፤ ከመድፋታችሁ በፊት ግን ጥቂት በጠርሙስ ቀድታችሁ ለሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስጧት።